ጎባን ፈልጎ ‹ጎ ባክ›ን ማግኘት

የባሌ ጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብ ሶፍትዌር አለ እንበል። ፋይሎቹ ከሺህ በልጠዋል፤ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ሥራ ቀይሮ ሄዷል፤ የተረከበችው ሮቤ ካለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀች ፕሮግራመር ናት። ኮድ ለሚጽፍላት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት አንድ መስመር ትጽፍለታለች፦ «የጎባ ሪፖርት ድምሩ ተሳስቷል፤ ምክንያቱን ፈልገህ አስተካክል።» ኤጀንቱ ይህን ኮድ ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፍለጋ ነው። ጎባን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፍና ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ ፋይሎቹን ሁሉ ያስሳል።

ውጤቱ ይጎርፋል፤ አብዛኛው ግን ጎባ አይደለም። የድረ ገጽ ፕሮግራመሮች ተጠቃሚውን ወደ ቀደመው ገጽ ለሚመልሰው ፋንክሽን ‹ጎ ባክ› የሚል ስም መስጠት ይወዳሉ። ሁለቱ ቃላት በኮድ ውስጥ ተጣብቀው ስለሚጻፉ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ቁልጭ ያለ ጎባ ናቸው። ሮቤን ቢፈልግም አይሻለውም፤ ሰርቨር በሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚጠይቀው ‹ፕሮብ› የመጀመሪያ ፊደሉ ሲነሳለት ሮቤ ይሆናል። ባሌም ‹ግሎባል ኤረር› በሚለው የተለመደ ስም ውስጥ፣ በግሎባል መጨረሻና በኤረር መነሻ መጋጠሚያ ላይ ተደብቃ ትገኛለች። ሦስቱም ስሞች ከጤና ሪፖርት ጋር ምንም ዝምድና በሌላቸው መስመሮች ይዋጣሉ።

አሁን ደግሞ በግእዝ ፊደል እንፈልግ። የተቋማቱ ስም በአማርኛ የተጻፈባቸው ፋይሎች አሉና ‹ጎባ› ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የፍለጋ ማውጫው የተሠራው ኤስኪውላይት በተባለው አነስተኛ ዳታቤዝ፣ ‹ትራይግራም› በሚባለው ዘዴ ከሆነ ግን መልሱ ባዶ ነው። ዘዴው ጽሑፉን ሦስት ሦስት ተከታታይ ፊደል እያደረገ ይቆርጥና ቁራጮቹን ይመዘግባል፤ ከሦስት ፊደል ያነሰ የሙሉ ጽሑፍ ጥያቄ ሲቀርብለት ምንም አያመጣም። ይህ በኤስኪውላይት መመሪያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል የሚፈልገው እምብዛም ስለሆነ ገደቡ አያስጨንቀውም። ጎባ፣ ሮቤና ባሌ ግን በእኛ ፊደል ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የስህተት መልእክትም አያሳይም። ዜሮ ብቻ ብሎ ዝም ይላል።

ስለዚህ በአንዱ ፊደል ጎርፍ፣ በሌላው ፊደል ድርቅ ነው። ኤጀንቱ ሁለቱንም እንደ እውነት ተቀብሎ ይቀጥላል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፦ ኤጀንቱ የፍለጋ መሣሪያውን ጠባይ የሚያውቀው መሣሪያውን የሠራው ሰው ጽፎ ባስቀመጠለት መግለጫ ነው። መግለጫው መሣሪያው የማያገኘውን ነገር ካልነገረው የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።

ሰው ፕሮግራመር እንዲህ አይቸገርም። ከአንድ ኮድ ጋር ወራት የከረመ ሰው መሣሪያው የት ላይ እንደሚያታልለው በልምድ ይማራል፤ ውጤቱ ሲያጠራጥረው ፎልደሩን በዓይኑ ይገረምማል፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባውን ይጠይቃል። ኤጀንቱ ግን እያንዳንዱን ሥራ የሚጀምረው እንደ አዲስ ቅጥር ነው፤ ሰው አስቦ በጽሑፍ ካላቆየለት በቀር ከትናንቱ ፍለጋ የተማረው ነገር ዛሬ አብሮት የለም። በእጁ ያለው የመሣሪያዎች ዝርዝር ብቻ ነው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ባደረገው ኤምሲፒ በተባለው የግንኙነት ደንብ መሠረት አንድ መሣሪያ ለኤጀንቱ የሚተዋወቀው በስሙ፣ በመግለጫውና በሚቀበላቸው ግብአቶች ዝርዝር ነው። ኤጀንቱ የመሣሪያውን የውስጥ ኮድ አያይም። ለሰው የሚጻፍ መመሪያ ሳይነበብ መደርደሪያ ላይ ሊያረጅ ይችላል፤ የመሣሪያው መግለጫ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ አብሮ ይላካል፣ በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ ይነበባል። ለእኔ ይህ ጽሑፍ የመሣሪያው ማስታወቂያ ሳይሆን አንድ አካሉ ነው፤ ልክ እንደ ኮዱ ሊታሰብበትና ሊፈተን ይገባዋል።

መሣሪያዎቹ ራሳቸው ረጅም ታሪክ አላቸው። ኬን ቶምሰን ‹ግሬፕ›ን ለዩኒክስ ያበረከተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ፊደልን ከፊደል እያመሳከረ መስመር ያወጣል፣ ሌላ አይጠይቅም። ዛሬ ብዙ ኤጀንቶች የሚጠቀሙበት ‹ሪፕግሬፕ› እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የእሱ ፈጣን ወራሽ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት አድርጎት የነበረውን የኮድ መፈለጊያ በ2012 መጀመሪያ ሲዘጋው፣ ከሠሩት አንዱ ራስ ኮክስ የትራይግራም ማውጫ እንዴት እንደሚሠራ ዘርዝሮ ጻፈ። የእሱ ማውጫ የሚቆርጠው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ጎባ ስድስት ባይት ይሆናል፤ በዚህኛው ማውጫ ያለችግር ይገኛል። ሁለቱም መሣሪያዎች ‹ትራይግራም› ይባላሉ፤ አንዱ ጎባን ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም።

በሌላ ወገን የኮዱን ሰዋስው አውቀው የሚፈልጉ አሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የላንጉጅ ሰርቨር ደንብ ‹ይህ ፋንክሽን የተጻፈው የት ነው? ማን ይጠራዋል?› ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ለማግኘት ያስችላል። ከዚያም በትርጉም የሚፈልገው አለ፤ የኮድ ቁራጮችን ወደ ቁጥር ድርድር ይቀይርና ለጥያቄው የቀረቡትን ይመልሳል። ይህኛው ስሙን ለማያውቅ ጠያቂ ትልቅ ረዳት ነው። ሆኖም አንድ ጠባይ አለው፦ ወሰን ካልተበጀለት ‹የለም› ማለትን አያውቅም። የጠየቁት ነገር በኮዱ ውስጥ ባይኖርም ከሩቆቹ ሁሉ ቅርብ የሆኑትን አሥር ቁራጮች ደርድሮ ያቀርባል። መግለጫው ይህን ሳይናገር ከቀረ ኤጀንቱ የቀረበለትን ሁሉ ማስረጃ አድርጎ ይወስዳል።

ጎባ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የአገራችን ሆስፒታል ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የቆመ ሰው ያለ ነገር በፍለጋ ሳይገኝ ሲቀር የሚፈጠረውን ችግር ያውቀዋል። ቁጥሩ የጠፋበት ታካሚ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይናገራል፤ ሠራተኛዋ ስሙ ሌላ ጊዜ በሌላ ፊደል ተጽፎ ከሆነ አታገኘውም፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሁለት ፎልደር አለው፤ የመድኃኒት አለርጂው በአንዱ፣ የዛሬው ሕመሙ በሌላው ይጻፋል። ያልተገኘን ነገር እንደሌለ መቁጠር የሚያስከትለው ይህንን ነው። ኤጀንቱም ያላገኘውን ፋንክሽን እንደገና ይጽፈዋል።

ይህ በምናብ ብቻ የሚቀር አይደለም። የጤና ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሥሩ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አፓርታይድ ካበቃ በኋላ በደቡብ አፍሪካ በተጀመረ የጤና መረጃ ሥራ ላይ ነው፤ ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይገለገሉበታል። በሲስተሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ ከሚመረጡት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል የኢትዮጵያው አለ፤ ከኔፓል፣ ከታይላንድና ከፋርስ ጎን ተሰልፏል። በኮዱ ውስጥ ይህን ሥራ የያዘው ክፍል ስሙ ‹ኢትዮፒያን ካላንደር› ነው። ስሌቱን ለመሥራት የተደገፈበት ጆዳ ታይም የተባለ የጃቫ ላይብረሪ ግን ያንኑ ነገር ‹ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ› ይለዋል። ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ የቀን መቁጠሪያ መረጃም ‹ኢትዮፒክ› ነው የሚለው። በፋይል ስም የሚፈልግ በአንደኛው ስም ሌላኛውን አያገኝም።

አሁን ኤጀንቱ ‹የጳጉሜን ሪፖርት አስተካክል› ቢባልና በፋይል ስም ‹ኢትዮፒክ› ብሎ ፈልጎ ባዶ እጁን ቢመለስ ምን ያደርጋል? ዘመን መቀየሪያውን ከባዶ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለ ኮድ የየወሩን መጀመሪያ በቋሚ የፈረንጅ ቀን ላይ፣ አዲስ ዓመትንም ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ሊያደርገው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበራት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለውም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ያ ኮድ ከዚያ ዕለት ዋዜማ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ቀን በአንድ ያዛንፈዋል፤ ከዚያ የፈረንጆቹ ዓመት 29ኛዋን ቀን ሲጨምር ስህተቱ ራሱ ይጠፋል። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በራሱ የሚሰወር ስህተት ለማረም ከባድ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ በ2020 ዓ.ም. መስከረም ነው።

በግእዝ ፊደል የተጻፉት የወር ስሞች የባሰ ፈተና ናቸው። ታኅሣሥን እንውሰድ። መሐሉ ላይ ያለውን ፊደል በህ፣ በሕ ወይም በኅ፣ ቀጥሎ ያለውን በሣ ወይም በሳ፣ የመጨረሻውን በሥ ወይም በስ የሚጽፍ ሁሉ አለ፤ ሦስት በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይወጣል። ግሬፕ ከአሥራ ሁለቱ የሚያየው የተሰጠውን አንዱን ነው። ሐምሌና ሀምሌ፣ ኅዳርና ህዳር ያው ናቸው። ጎባም ቢሆን ቀድሞ በነበረው ልማድ ‹ጐባ› ተብላ የተጻፈችበት ሰነድ ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተር ጎ እና ጐ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። በዚያ ላይ ባሌ ውስጥ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። የቋንቋው ፊደል ቁቤ የአናባቢን ርዝመት ፊደል እያጠፈ ስለሚያሳይ ባሌ ሁለት ኤ እና ሁለት ኢ ይዛ ትጻፋለች፣ ሮቤም ኦ እና ኢ እጥፍ ይሆንባታል። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ የፈለገ ኤጀንት እነዚህን አይነካቸውም። በአንድ የባሌ ሶፍትዌር ውስጥ ሦስቱም አጻጻፎች ጎን ለጎን ቢገኙ የሚያስገርም አይደለም።

እንግዲህ መግለጫው ምን ይበል? ብዙ ጊዜ የሚገኘው «በኮዱ ውስጥ ይፈልጋል» የሚል አንድ መስመር ነው። ሐሰት አልተናገረም፤ ግን ለኤጀንቱ ምንም አልነገረውም። እኔ ለሮቤዋ ፕሮግራመር የምመክራት እንዲህ ያለውን ነው፦

«የፕሮጀክቱን የጽሑፍ ፋይሎች ፊደል በፊደል ይፈልጋል። የፋይሉ፣ የፋንክሽኑ ወይም የቦታው ስም ሲታወቅ ተጠቀምበት፤ ስሙ ካልታወቀ በትርጉም የሚፈልገውን መሣሪያ አስቀድም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። እንደ ጎባና ሮቤ ያሉ አጫጭር የቦታ ስሞችን በእንግሊዝኛ ስትፈልግ መነሻቸውን በትልቅ ፊደል ጻፍ፤ ሙሉ በሙሉ በትንሽ ፊደል ከፈለግህ ፕሮብንም ያመጣብሃል። ‹ሙሉ ቃል ብቻ› የሚለው ምርጫ ጎባ ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ የተጻፈባቸውን ስሞች ይዘላል። ጊት እንዲዘላቸው የተመዘገቡ ፋይሎችን አያይም። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አያመሳስልም። ዘመን አቆጣጠርን ስትፈልግ ኢትዮፒያንም ኢትዮፒክም ሞክር። ከ50 በላይ ውጤት ካለ ቁጥሩን ብቻ ይነግርሃል፤ ጥያቄውን አጥብብ። ባዶ መልስ ማለት በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም ማለት ነው።»

‹ሙሉ ቃል ብቻ› የሚለው ምርጫ የሚዘላቸው ስሞች እንዳሉ ያስጠነቀቅኩት ሆን ብዬ ነው። በመጀመሪያ እይታ የጎ ባክን ችግር የሚፈታ ይመስላል። ግን ፕሮግራመሮች ጎባና ሆስፒታልን አጣብቀው አንድ ስም ሲያደርጉ፣ ወይም መሐላቸው ላይ ከሥር ሰረዝ ሲያስገቡ፣ ለመሣሪያው ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው፤ እናም ዋናው የተፈለገው ፋይል ተዘልሎ ይታለፋል። ፊደል እየለዩ መፈለግ ይሻላል፦ በጎ ባክ ውስጥ ሦስተኛዋ ፊደል ትልቅ ስለሆነች በትክክል ከተጻፈው ጎባ ጋር አትጋጠምም። እሱም ቢሆን ሁሉን በትንሽ ፊደል የጻፈውን ፋይል ይስታል። ስለዚህ መግለጫው ለኤጀንቱ ቅደም ተከተል ሊሰጠው ይገባል እንጂ አንድ ምርጫ አስጨብጦ ሊለቀው አይገባም።

የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው የጊት ነገርም ትኩረት ይፈልጋል። ሪፕግሬፕ ካልተነገረው በቀር በጊት የተተዉ ፋይሎችን፣ የተደበቁ ፎልደሮችንና ባይነሪ ፋይሎችን አይፈልግም። ይህ ፍጥነት ያስገኛል፤ በአብዛኛው ቀንም ትክክል ነው። የወረዳዎቹ ስም ዝርዝር ከሌላ ሲስተም እየወረደ በተተወ ፎልደር ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ኤጀንቱ ያን ዝርዝር ሳያይ ሌላ ዝርዝር በራሱ ሊፈጥር ነው።

የ50 ውጤት ገደቡን የወሰድኩት ከፕሪንስተን ተመራማሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ኤስደብልዩኢ-ኤጀንት በተባለ ሥራቸው ለኤጀንቱ የሠሩለት መፈለጊያ ቢበዛ 50 ውጤት ያሳያል፤ ከዚያ ካለፈ ጥያቄህን አጥብብ ይለዋል። ከሌላ ዓይነት ጋርም አነጻጽረውታል፦ ውጤቶቹን አንድ በአንድ ‹ቀጣይ፣ ቀጣይ› እያለ የሚያሳይ፣ እኛ በኮድ ማረሚያ ላይ እንደለመድነው ዓይነት። በአጭሩ የሚያጠቃልለው መፈለጊያ 18 በመቶ ችግሮችን ሲያስፈታ፣ አንድ በአንድ የሚያሳየው 12 በመቶ ብቻ አስፈታ። ልዩ መፈለጊያ ጨርሶ ያልተሰጠው ኤጀንት 15.7 በመቶ ፈታ። ለሰው የሚመች መሣሪያ ለኤጀንቱ ካለመኖሩ የባሰ ሆነ ማለት ነው፤ ኤጀንቱ ትዕግሥቱ ስለማያልቅ ውጤቶቹን ሁሉ እያገላበጠ የማስታወሻ ቦታውን ጨረሰው። አንትሮፒክም በዲሴምበር 2024 ባሳተመው ጽሑፍ የራሱ ኤጀንት ከፎልደር ፎልደር ሲዘዋወር አንጻራዊ የፋይል አድራሻ እያሳሳተው እንደነበረና መሣሪያው ሙሉ አድራሻ ብቻ እንዲቀበል ሲደረግ ስህተቱ እንደቆመ ገልጿል። በመግለጫ ላይ ከመማጸን ስህተቱን የማይቻል ማድረግ የሚቻልበት ቦታ ካለ፣ ያ ይቅደም።

መግለጫውን በየትኛው ቋንቋ እንጻፈው የሚለውን ብዙዎች ይጠይቃሉ። የግእዝ ፊደል በባይት ሲቆጠር ከእንግሊዝኛው ሦስት እጥፍ ቦታ ስለሚወስድ፣ በአብዛኞቹ ሞዴሎችም ወደ ብዙ ቶክን (ሞዴሉ ወደሚያነባቸው ቁራጮች) ስለሚበጣጠስ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ አብሮ የሚላክ ጽሑፍ በአማርኛ ሲሆን ወጪው ይከብዳል። የእኔ ምርጫ አካሉን በእንግሊዝኛ ጽፎ የቦታ፣ የወርና የተቋም ስሞችን በሦስቱም አጻጻፍ ማስገባት ነው። ስሞቹን ለመቆጠብ መሞከር ግን የተሳሳተ ቁጠባ ነው፤ ኤጀንቱ ከየትም ሊያገኛቸው የማይችላቸው እነሱ ናቸውና።

መግለጫ ተጽፎ ሲያልቅ ጥሩ መሆኑን አንብቦ ብቻ መፍረድ አይቻልም። መልሳቸው የሚታወቅ ጥያቄዎች ይሰብሰቡ፦ የጳጉሜ ስሌት የት ነው? የሮቤ ተቋማት ስም ከየትኛው ፋይል ይነበባል? በኮዱ ውስጥ በርግጥ የሌለ ነገርም በመሐል ይግባ፤ ኤጀንቱ ‹የለም› ለማለት ስንት አጻጻፍ ሞክሮ እንደደረሰ ይታያል። ከዚያ አንዱን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ፣ ሌላውን ጨምሮ እንደገና ማስኬድ ነው። ምንም ለውጥ የማያመጣ ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ።

‹መሣሪያው ለምን ሞክሼ ፊደላትን ራሱ አያመሳስልም?› የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ማውጫው ሲሠራ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ በጥቂት መስመር ኮድ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ታኅሣሥ በአሥራ ሁለቱም አጻጻፍ ይገኛል። አደጋው ከፍለጋው በኋላ ይመጣል። ኮድ የሚመሳከረው በባይት ነው፤ ዳታቤዙ ውስጥ ‹ሐምሌ› ተብሎ የተቀመጠን ቁልፍ ኤጀንቱ ከማውጫው አንብቦ ‹ሀምሌ› ብሎ ቢጽፈው ፕሮግራሙ የወሩን ሪፖርት ባዶ ያወጣል። ስለዚህ ማመሳሰሉ ለፍለጋ ብቻ ይሁን፤ ውጤቱ ከፋይሉ እንዳለ ይገልበጥ፤ መግለጫው ላይም «ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን ያመሳስላል፤ የሚታይህ መስመር ግን በፋይሉ እንደተጻፈው ነው፤ ስታርም ያንኑ አጻጻፍ ጠብቅ» የሚል ይግባ። መሣሪያው በተሻሻለበት በዚያው ለውጥ ውስጥ «አያመሳስልም» የሚለው የቀድሞው ዓረፍተ ነገር መውጣት አለበት፤ ከቀረ ኤጀንቱ መሣሪያው የሠራለትን ሥራ ሳያምን አሥራ ሁለቱን አጻጻፍ አንድ በአንድ ሲሞክር ይውላል።